የአርሎቫ ጫማ

የአርተር ኮስትለርን “ጨለማ በቀትር” ያነበበ ሰው አንዱን ሌሊት አይረሳውም። እስር ቤቱ ውስጥ ወሬ ከክፍል ወደ ክፍል ግድግዳ በማንኳኳት ይተላለፋል፤ ሰው ሊረሸን ነው። እስረኞቹ ሁሉ በየበራቸው ቆመው ብረቱን በእጃቸው ቀስ ብለው፣ በአንድ ምት ይመቱ ጀመር። የልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሩባሾቭ በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያያል። ሁለት ጠባቂዎች ብብቱን ይዘው የሚጎትቱት ሰው እየቀረበ ነው፤ እግሮቹ ወለሉን እየጠረጉ ይከተሉታል፣ ከአፉ የሚወጣው ድምፅም የሰው አይመስልም። ቦግሮቭ ነው፤ የጥንቱ መርከበኛ፣ የባሕር ኃይል አዛዥ፣ በስደት ዘመን ከሩባሾቭ ጋር አንድ ክፍል የኖረ ጓድ። በሩ ፊት ሲደርስ የሩባሾቭን ስም ጠርቶ አለፈ።

ሩባሾቭ ስለ ሞት የማያውቅ ሰው አይደለም። የአብዮቱ አንጋፋ መሪ ነው፤ በእሱ ቃል የሞቱ፣ በእሱ ዝምታ የሞቱ ሰዎች አሉ። እስከዚያ ሌሊት ድረስ ግን ሞት ለእሱ የውሳኔ ውጤት ነበር፤ ወረቀት ላይ የሚሰፍር፣ በስብሰባ ላይ የሚነገር ነገር። ድምፁን ሰምቶት አያውቅም። ቦግሮቭ ካለፈ በኋላ አእምሮው ወደ አርሎቫ ሄደ። አርሎቫ ጸሐፊውና ውሽማው ነበረች። ክስ ሲመጣባት እሱን ለመከላከያ ምስክርነት ጠርታው ነበር፤ እሱ ግን የራሱን ቆዳ ለማዳን ካዳት። አሁን የሚያብረቀርቁ ባለተረከዝ ጫማዎቿ በዚያው ወለል ላይ ሲጎተቱ ይታየዋል። እሷም እንዲህ አቃስታ ይሆን? አርባ ዓመት ሙሉ ሲያሰላው የኖረው ሒሳብ በአንዲት ሴት ጫማ ተናጋ።

ከልቦለዱ ሁሉ ትልቁ ገጽ ይኸኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ግቡ መንገዱን ያጸድቀዋል ወይስ አያጸድቀውም እያልን የምንከራከረው ብዙ ጊዜ በመሪው ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው። ራሳችንን ወሳኙን አድርገን እናስባለን፤ “እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር?” እንላለን። የሚከፍለው ሰው ከክርክሩ ውጭ ነው። ኮስትለር በቦግሮቭ ሌሊት ያደረገው ያንን ሰው በወሳኙ በር ፊት ማሳለፍ ነው። መጽሐፉን የምመዝነውም በዚሁ ነው፤ ከፋዮቹን ሲያሰማን ከዘመኑ ሥራዎች ሁሉ ይልቃል፣ ሲዘነጋቸው ደግሞ ራሱ የሚከሰውን ሥርዓት መምሰል ይጀምራል።

ኮስትለር እ.ኤ.አ. በ1905 ቡዳፔስት ላይ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነው። በ1931 የጀርመን ኮሚኒስት ፓርቲ አባል ሆነ፣ በ1938 ለቀቀ። በመካከሉ፣ በ1937፣ የስፔንን የእርስ በርስ ጦርነት ሲዘግብ ማላጋ ላይ በፍራንኮ ወገን ተይዞ ሴቪል እስር ቤት ገባ። በእስረኞች ልውውጥ እስኪወጣ ድረስ ተራዬ መቼ ይደርሳል እያለ፣ በየሌሊቱ የሚወሰዱትን ሰዎች ጩኸት ሲያዳምጥ ከረመ። የቦግሮቭ ሌሊት እንደዚያ የሚያስደነግጠው ጸሐፊው በጆሮው የሰማው ስለሆነ ይመስለኛል። በመጋቢት 1938 ሞስኮ ላይ ቡካሪንና ሌሎች አንጋፋ ቦልሼቪኮች ለችሎት ቀርበው፣ ብዙዎቹ ሰላይና ነፍሰ ገዳይ መሆናቸውን በገዛ አንደበታቸው ለዓለም ተናገሩ። እነዚህ ሰዎች ለምን ይህን አሉ? ልቦለዱ ለዚህ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

የመጽሐፉ የራሱ ዕጣ ፈንታም የዘመኑን መልክ ያሳያል። ኮስትለር በጀርመንኛ ነው የጻፈው። ጦርነቱ ሲፈነዳ ፈረንሳዮች እንደ አደገኛ የውጭ ዜጋ ለ ቬርኔ በተባለ ካምፕ አሰሩት፤ ሲለቁት ፓሪስ ላይ ጨረሰው። አብራው የነበረችው ወጣቷ እንግሊዛዊት የቅርጻ ቅርጽ ባለሙያ ዳፍኒ ሃርዲ ከጎኑ ተቀምጣ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ ትርጉሙ የጀርመን ጦር ፓሪስ ከመድረሱ በፊት ለንደን ገባ። የጀርመንኛው ጽሑፍ በትርምሱ ጠፋ። መጽሐፉ በ1940 መጨረሻ ለንደን ላይ ሲታተም ደራሲው ያለ ፈቃድ አገር ገብተሃል ተብሎ እዚያው ከተማ እስር ቤት ውስጥ ነበር። ለብዙ አሥርት ዓመታት ዓለም ያነበበው የሃርዲን ትርጉምና የትርጉሙን ትርጉም ነው። የጀርመንኛው ጽሑፍ ዙሪክ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የተገኘው በ2015 ነው።

አገሩ በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም። መሪውም “ቁጥር 1” ከመባል በቀር አይጠራም፤ ሥዕሉ ግን በየግድግዳው ተሰቅሏል። ታሪኩ ሩባሾቭ ከመታሰሩ ተነስቶ በሦስት ምርመራዎች አልፎ ምድር ቤት ውስጥ በጥይት ይዘጋል። መሐል ላይ እሱ ራሱ የከፈላቸው፣ ይልቁንም ሌሎችን ያስከፈላቸው ዕዳዎች አንድ በአንድ ይነሳሉ። የመጀመሪያው ሪቻርድ ነው። በናዚ ጀርመን ውስጥ በድብቅ የሚሠራ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የሚንተባተብ፣ እርጉዝ ሚስቱ የታሰረችበት። ፓርቲው የሚልከው በራሪ ወረቀት መሬት ላይ ካለው ሽንፈት ጋር አልገናኝ ስላለው የራሱን ጽፎ በተነ። ሩባሾቭ በአንድ ሙዚየም አዳራሽ አግኝቶት ከፓርቲው መባረሩን ነገረው። ለእንዲህ ያለ ሰው መባረር ማለት ለጠላት መሰጠት ነው። ሁለተኛው ትንሹ ሎዊ የሚሉት የቤልጅግ ወደብ ሠራተኛ ነው። ለወራሪ መንግሥት የሚሄድ ጭነት አናወርድም ብለው ሲታገሉ የኖሩ ባልደረቦቹን፣ የአብዮቱ አገር ራሱ በላካቸው መርከቦች ምክንያት ትግሉን እንዲያቆሙ የሚያዝ ትእዛዝ ሩባሾቭ ይዞላቸው መጣ። ሎዊ እንቢ አለ፤ ስሙ በፓርቲው ጋዜጣ ጠፋ፤ ራሱን ሰቀለ።

ኮስትለር እነዚህን ሁለት ታሪኮች የጻፈበት ቁጥብነት ያስቀናል። ሩባሾቭ ሪቻርድን ሲያናግር ከልጁ ራስ ጀርባ ግድግዳው ላይ ማርያምን የልጇን ሬሳ ታቅፋ የምታሳይ ሥዕል አለች፤ ልጁ ግን ስለጋረዳት ከሩባሾቭ የሚታየው እጆቿ ብቻ ናቸው። ሌላ ጸሐፊ ሥዕሏን ለስብከት ይጠቀምባት ነበር። ኮስትለር ተጋርዳ እንድትቀር ተዋት።

ከዚያ ሙግቱ ይመጣል። የመጀመሪያው መርማሪ ኢቫኖቭ የሩባሾቭ የጦር ሜዳ ጓድ ነው፤ አንድ እግሩን በጦርነት አጥቷል፤ ያኔ ራሱን ሊገድል ሲል ያዳነው ሩባሾቭ ነበር። ቦግሮቭ በተወሰደበት በዚያው ሌሊት የመጠጥ ጠርሙስ ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል። ይህ ምዕራፍ ስለ ሥልጣንና ሥነ ምግባር ከተጻፉት ጽሑፎች ሁሉ ጠንካራዎቹ ከሚባሉት ጋር ይሰለፋል። የኢቫኖቭ ሐሳብ ይህ ነው፤ በዓለም ላይ ሁለት ሥነ ምግባሮች ብቻ አሉ። አንደኛው ሰው አይነካም፣ በሰው ላይ ሒሳብ አይሠራም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ አንዱ ለብዙኃኑ ይሠዋ ዘንድ ግድ ነው ይላል። ሁለቱን የሚያደባልቅ መሪ ወይ ሞኝ ነው፣ ወይ አጭበርባሪ። ርኅራኄና ጸጸት ለአብዮተኛ ከመጠጥ የከፋ ሱስ ናቸው።

ሩባሾቭ ይመልስለታል። ለፍትሐዊ የመሬት ክፍፍል ብለን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ አምስት ሚሊዮን የሚጠጉ ገበሬዎችና ቤተሰቦቻቸው በረኃብ እንዲያልቁ አድርገናል፤ ሠራተኛውን ነፃ እናወጣለን ብለን አሥር ሚሊዮን ሰው ለግዳጅ ሥራ ልከናል ይለዋል። ኢቫኖቭ አይደነግጥም። ተፈጥሮስ? ይላል። በጎርፍ፣ በወረርሽኝ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ በየዓመቱ ሚሊዮኖች ያለ አንዳች ጥቅም ያልቃሉ። የሰው ልጅ ለትልቅ ዓላማ ሲል ይህንኑ ቢያደርግ ለምን ይነወራል?

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ይረታል፤ ሩባሾቭም አጥጋቢ መልስ አላገኘም። መልሱ ግን ኢቫኖቭ በመረጠው ምሳሌ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጎርፍ አይጠየቅም። ጎርፍን ወንድሜን ለምን ወሰድከው ብሎ የሚከስ ዳኛ የለም፤ ጎርፍም የወሰደውን ሰው ከሃዲ ብሎ ስሙን አያጠፋም፣ የሟቹን ቤተሰብ አደባባይ አውጥቶ አጨብጭቡ አይልም። ራሱን ከተፈጥሮ ጋር የሚያመሳስል ሥልጣን የሚመኘው ተፈጥሮ ያላትን ይህን አንድ መብት ነው፤ ያለመጠየቅን መብት። ኢቫኖቭ ስለ ብዙኃኑ ጥቅም ሲያወራ ቆይቶ በመጨረሻ የሚከላከለው ይኸው ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም አለ። ቦግሮቭ በሩባሾቭ በር ፊት ያለፈው በአጋጣሚ አይደለም። ሁለተኛው መርማሪ ግሌትኪን ሆን ብሎ ያዘጋጀው ነው፤ ስሙን እንዲጠራ ያደረጉት፣ እንዲሰማ የፈለጉት እነሱ ናቸው። የሩባሾቭን ሕሊና የቀሰቀሰው ያ ድምፅ ራሱ መሣሪያ ነበር። ኮስትለር ይህን ሲገልጥ አንባቢው የያዘው ብቸኛ ንጹሕ ነገር ከእጁ ይወሰዳል። ድምፁ እውነት ነው፣ ለውሸትም ይውላል። ሁሉን ነገር መንገድ የሚያደርግ ሥርዓት የሰውን ጣር እንኳ አይተውም፤ ይህን በጽንሰ ሐሳብ የጻፉ አሉ፣ በትዕይንት ያሳየን ግን ኮስትለር ነው።

ስለ ግሌትኪን ትንሽ ልቆይ፤ ተቺዎች አብዛኛውን ጊዜ በኢቫኖቭ ላይ ስለሚያተኩሩ። ግሌትኪን የአዲሱ ትውልድ ልጅ ነው። ራሱ የተላጨ፣ ጠባሳ ያለበት፣ በተቀመጠበት ልብሱ ሲንቋቋ የሚሰማ። እስረኛውን በኃይለኛ መብራት ፊት አስቀምጦ ቀንና ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል። ፍልስፍና አያውቅም። በአንድ ወቅት ግን ስለ ልጅነቱ ይናገራል። የገበሬ ልጅ ነው፤ ሰዓት በደቂቃዎች እንደሚከፈል ያወቀው አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው ነው። በሱ ቀዬ ሰው ባቡር ለመሳፈር ሲፈልግ በፀሐይ መውጫ ጣቢያው ሄዶ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ባቡሩ ቀትር ላይም ይምጣ፣ በማግስቱም ይምጣ። ሌሎች አገሮች ገበሬያቸው ከማሽን ጋር እንዲላመድ መቶ ሁለት መቶ ዓመት ነበራቸው፤ እኛ ያለን አሥር ዓመት ነው ይላል። በትንሽ በትልቁ ካላባረርንና ካልረሸንን አገሩ ይቆማል፣ በፋብሪካው ጭስ ማውጫ ላይ ሣር እስኪበቅል ገበሬው ይተኛል።

ይህ ከኢቫኖቭ ሐሳብ ይልቅ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ከድኽነት የወጣ ነው። በድኻ አገር ያደገ ሰው የዚህን ንግግር ቁጭት ያውቀዋል። ዓለም ጥሎን ሄደ፣ ጊዜ የለንም፣ ሕዝቡ ገና አልነቃም፣ እስኪነቃ ድረስ እኛ እንወስንለታለን። ውስጡ እውነተኛ ቁስል ስላለ በቀላሉ ማጣጣል አይቻልም። ይሁን እንጂ ግሌትኪን ያ ጣቢያው ላይ የተኛው ገበሬ ማን እንደሆነ ረስቶታል። አባቱ ነው። አገሩን ከአባቱ ድኽነት ለማውጣት አባቱን ለመረሸን የተዘጋጀ ሰው ለማን ነው የሚያወጣው? ኮስትለር ይህን ጥያቄ በግልጽ አያነሳም፤ ለግሌትኪን ግን የገበሬ አባት የሰጠው በከንቱ አይመስለኝም።

እኛ አገር ይህን ልቦለድ የሩቅ ወሬ አድርጎ ማንበብ አይቻልም። ወታደራዊው ደርግ በእኛ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ሲነሳ መፈክሩ “ኢትዮጵያ ትቅደም፣ ያለ ምንም ደም” ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋናቸው ወረዱ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 14፣ ወደ 60 የሚሆኑ ሚኒስትሮች፣ መኳንንትና የጦር መኮንኖች ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። በሚያዝያ 1969 የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ከሰከሰ። የዚያን ዘመን ነገር ሳስብ የሚከነክነኝ ግቡ አንድ መሆኑ ነው። ደርግም፣ ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት ፓርቲዎችም ሶሻሊዝም ይሉ ነበር፤ ሁሉም ስለ ሰፊው ሕዝብ ይምሉ ነበር፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መጻሕፍት አንብበዋል። ግቡ ብቻውን መንገዱን የሚያጸድቅ ቢሆን ኖሮ ሁሉም እኩል ጻድቅ ናቸው ማለት ነው፤ ገዳይም ሟችም በአንድ ቃል ይጸድቃሉ። ከዚያ ትርምስ ውስጥ ማን ምን እንዳደረገ መለየት የሚቻለው መንገዱን በማየት ነው። የልጃቸውን አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ወላጆች ስለ ግቡ የሚሰሙት ንግግር አልነበራቸውም።

የሩባሾቭን ኑዛዜ ማንበብም ለእኛ የተለየ ስሜት አለው። “ሂስና ግለ ሂስ” በሚባል ስብሰባ ላይ ቆሞ ያላደረገውን አደረግሁ ያለ፣ ወይም ሌላው ሲል የሰማ ሰው ሩባሾቭ በእያንዳንዱ ክስ ላይ ትንሽ ተከራክሮ፣ ትንሽ አፈግፍጎ፣ በመጨረሻ ሲፈርም ከየት ወዴት እንደሚወርድ ያውቀዋል። የወዳጁ የኪፈር ልጅ በሥቃይ ብዛት የተቀጠቀጠ ምስክር ሆኖ መጥቶ፣ ቁጥር 1ን እንድመርዝ ሩባሾቭ ልኮኛል ሲል፣ ሩባሾቭ መካዱን ትቶ መድከም ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ግሌትኪን አንድ መንገድ ይከፍትለታል፤ ክብርህን ሠዋ፣ ይህ ለፓርቲው የምታደርገው የመጨረሻ አገልግሎት ነው።

በዚህ ላይ ከኮስትለር ጋር አልስማማም። ልቦለዱ እንቅልፍ ማጣቱን፣ መብራቱን፣ የሌላውን ሥቃይ ያሳያል፤ ክብደቱን የሚያሳርፈው ግን በሐሳቡ ላይ ነው። ሩባሾቭ የሚፈርመው በገዛ ሎጂኩ ተይዞ ነው፤ አርባ ዓመት የሰበከው ትምህርት መውጫ አሳጣው። ይህ ውብ ነው፣ ለድራማም የተመቸ ነው። ታሪክ ግን ሌላም ነገር መዝግቧል። የሶቭየቱ መሪ ክሩሽቼቭ እ.ኤ.አ. በ1956 ለፓርቲው ጉባኤ እንደተናገረው የእምነት ቃሉ የሚገኘው በድብደባና በማሠቃየት ነበር፤ ስታሊን ራሱ በጥር 1939 በላከው ቴሌግራም አካላዊ ማስገደድ የተፈቀደ መሆኑን አረጋግጧል። ለሩባሾቭ መልክ ከሰጡት ሰዎች ዋነኛው ቡካሪን ደግሞ ሲታሰር ወጣት ሚስትና የአንድ ዓመት ገደማ ልጅ ነበረው። ችሎቱ ላይም እንደ ሩባሾቭ ሙሉ በሙሉ አልተበገረም፤ ኃላፊነቱን በጥቅሉ ተቀብሎ ዋና ዋና ክሶችን፣ ሌኒንን ልትገድል አሲረሃል የሚለውን ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ክዷል። ሚስቱን አና ላሪናን ከመታሰሩ በፊት ለመጪው የፓርቲ መሪዎች ትውልድ ያዘጋጀውን ደብዳቤ በቃሏ እንድትይዝ ጠየቃት፤ ወረቀቱ ቢያዝ ሞት ነውና። ሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በካምፕና በግዞት ስትኖር ቃል በቃል ስትደግመው ኖረች፤ በመጨረሻም ለሕትመት በቃ፤ ባሏም በ1988 ነፃ ተባለ።

ሩባሾቭ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ኮስትለር ይህን ያደረገው ሙግቱን ለማጥራት ነው፤ ማጥራቱ ግን ዋጋ አስከፍሎታል። እውነተኞቹን ሰዎች ያሰራቸው ሐሳብ ብቻ ሳይሆን የሚወዱት ሰው ነበር። አንዲት ሴት በቃሏ የያዘችው ደብዳቤ በልቦለዱ ውስጥ ቦታ አይኖረውም ነበር፤ ምክንያቱም በልቦለዱ ውስጥ ሴቶች አይናገሩም ማለት ይቻላል። አርሎቫን ራሷን ውሰዷት። የአንገቷን መታጠፍ እናውቃለን፣ የገላዋን ጠረን እናውቃለን፣ ትልልቅ ዓይኖቿን፣ ጫማዋን እናውቃለን። የፈለግከውን ልታደርገኝ ትችላለህ ማለቷንም እንሰማለን። ምን ታስብ እንደነበር፣ ሩባሾቭ በካዳት ቀን ምን እንዳለች ግን አንድ ገጽ አልተሰጣትም። ሩባሾቭ የሷን ሞት የራሱን ነፍስ ለመመርመር ተጠቀመበት፤ ደራሲውም ተከተለው። አምስት ሚሊዮኖቹ ገበሬዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ቁጥር ሆነው ገብተው ቁጥር ሆነው ወጡ። ይህ የበለጠ የሚያሳዝነው ኮስትለር በ1932 እና 1933 ክረምት ካርኪቭ ውስጥ ኖሮ የዩክሬንን ረኃብ በዓይኑ ስላየ ነው። ያኔ ፓርቲውን አምኖ ነበርና የሚገባውን አልጻፈም። ከስምንት ዓመት በኋላ ልቦለዱን ሲያሳትምም ለእነዚያ ሰዎች አንድ ፊት፣ አንድ ስም ሊሰጣቸው ይችል ነበር።

የመጨረሻው ክፍልም ይላላብኛል። ሩባሾቭ ሞቱን ሲጠብቅ ነፍሱ እንደ ጨው ቅንጣት በውቅያኖስ ውስጥ ስትሟሟ ይሰማዋል፤ ከሒሳብ ወደ ምሥጢር ይሻገራል፣ ዕዳዬን ከፍያለሁ ይላል። የከፈለው ለታሪክ ነው። ለሪቻርድ፣ ለሎዊ፣ ለአርሎቫ የከፈለው የለም፤ በችሎቱ ላይ ዓለም ሁሉ ሲያዳምጠው የነሱን ስም ሊጠራ የሚችልበት ሰዓት ነበረው፣ አልጠራም። የሐሳብ ሰው ሆኖ ኖሮ የሐሳብ ሰው ሆኖ ሞተ፤ ደራሲው ይህን እንደ መንጻት ሊያሳየን መሞከሩን አልቀበለውም።

በዚያው ክፍል መግቢያ ላይ ያለው የዘበኛው ቤት ትዕይንት ግን ለጠቅላላ ልቦለዱ ይበቃ ነበር። ሽማግሌው ቫሲሊ ሩባሾቭ ይኖርበት የነበረው ሕንፃ ዘበኛ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ በሩባሾቭ ሥር ተዋግቶ አንገቱ ላይ የቆሰለ ሰው ነው። ከአልጋው በላይ የቁጥር 1 ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከጎኑ የሩባሾቭ ሥዕል የነበረበት የዛገ ምስማር ብቻ ቀርቷል። ልጁ ቬራ የችሎቱን ዘገባ ከጋዜጣ እያነበበች ታሰማዋለች። እሱ አልጋው ላይ ተጋድሞ በሆዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ያነበንባል። ከዚያ አንድ ወረቀት ታቀርብለታለች፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ከሃዲዎቹ ያለ ርኅራኄ እንዲረሸኑ የሚጠይቁበት የአቋም መግለጫ ነው፣ እንዲፈርምበት። ልጅቱ ልታገባ ነው፣ ክፍል የላትም፣ ቤቱን ትፈልገዋለች። እንቢ ቢል ምን ሊመጣ እንደሚችል በቀጥታ አትነግረውም። ሽማግሌው ፈረመ።

የሥልጣን ሥነ ምግባር የሚባለው ነገር መጨረሻው የት እንደሚደርስ ከዚህ ይበልጥ በቅርብ የሚያሳይ ጽሑፍ አላውቅም። ቁጥር 1 በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ግቡ መንገዱን ያጸድቀዋል ብሎ ወስኗል። ውሳኔው በኢቫኖቭ የጠርሙስ ፍልስፍና፣ በግሌትኪን መብራት አልፎ ወርዶ ወርዶ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አባትና ልጅ መካከል ገባ። ቬራ ክፉ አይደለችም፤ ከላይ የተማረችውን ነው የምታደርገው። እሷም ግብ አላት፣ ግቧም ተገቢ ነው፤ ቤት፣ ትዳር። በቀበሌ ዘመን ያለፉ ሰዎች ይህችን ልጅ በስም የሚያውቋት ይመስላቸዋል።

ኢቫኖቭ ለሩባሾቭ ያቀረበው አንድ ሙግት ግን እስካሁን ሳልመልሰው አልፌያለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደውም እሱ ነው። የጦር አዛዥስ? ይላል። ክፍለ ጦሩን ለማዳን ጥቂት ሰዎችን ወደማይመለሱበት የሚልክ አዛዥ በሰው ላይ ሒሳብ አልሠራምን? ሠርቷል። እውነት ነው፤ አንድም ነፍስ ሳያስከፍል አገር የመራ ሰው የለም፣ ይህን የሚክድ ሰው ስለ መምራት አላሰበም። ነገር ግን አዛዡ ስህተት ቢሠራ ስህተት ሠርተሃል የሚለው የበላይ አለ፤ የላካቸው ወታደሮችም ጠላት ተብለው አልሄዱም፣ ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ፣ ቢሞቱ በስማቸው ይቀበራሉ። የአዛዡ ሒሳብ ሊታረም የሚችል ነው። ሩባሾቭ በእስር ቤት ማስታወሻው ላይ ስለ ማዳበሪያ የሚጽፈው ነገር ልዩነቱን ያወጣዋል። ስሙ በአንድ ፊደል ብቻ የተጠቀሰ ታዋቂ የግብርና ሊቅ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከፖታሽ ይሻላል ብሎ ያምን ነበር። ቁጥር 1 ደግሞ ፖታሽን ይደግፋል። ሊቁ ከሠላሳ ባልደረቦቹ ጋር አሻጥረኛ ተብሎ ተረሸነ። ሩባሾቭ ቁጥር 1 ትክክል ከሆነ ታሪክ ይቅር ይለዋል፤ ከተሳሳተ ግን ወዮለት እያለ ይብሰለሰላል። ታሪክ እስኪፈርድ ድረስ ግን አዝመራው በየዓመቱ ይዘራል፣ ቁጥር 1 ተሳስቶ ከሆነም መሳሳቱን ከአፈሩ አንብበው ሊነግሩት የሚችሉት ሠላሳ አንድ ሰዎች ሞተዋል።